የሚፈልጉት ስምሽን ነው ወይስ ዓይንሽን?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ49 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሙያዬ ሂሳብ ነው፤ ፈቃድ ያለኝ አካውንታንት ነኝ። አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ከቻይናውያን ጋር ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ቻይንኛ ለመግባባት ያህል እናገራለሁ፤ ማንበብ ግን አልችልም። ባለፈው ወር የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። አሁን ሼንዘን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር የሚሠራ ኩባንያ ውስጥ ትልቅ ቦታ ላይ ነው። ኩባንያው ሆንግ ኮንግ አክሲዮን ገበያ ሊገባ እየተዘጋጀ ነው። ‹ገለልተኛ የቦርድ አባል ሁኚልን› አለኝ። ስብሰባው በዓመት አራት ጊዜ፣ አብዛኛውም በቪዲዮ ነው። አበሉ ለእኔ ጥሩ ገንዘብ ነው። ‹ብዙ ሥራ የለውም፤ ወረቀቱን እኛ አዘጋጅተን እንልክልሻለን፤ አንቺ መፈረም ብቻ ነው› አለኝ። ባለቤቴ ‹እግዜር የሰጠሽን አትግፊ› ይላል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ‹ቻይና ሄደሽ ልትታሰሪ ነው› እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። መሃል ላይ ቀረሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ገንዘቡን አየ። ወንድምሽ ቻይናን አየ። እኔን ያቆመችኝ ግን «አንቺ መፈረም ብቻ ነው» የምትለዋ ናት። የምነግርሽ ሁሉ ከእሷ ተነስቼ ነው።

አስቀድሜ የወንድምሽን ፍርሃት ትንሽ ላብርደው። የውጭ አገር ሰው በቻይና ኩባንያ ቦርድ ላይ መቀመጡ አዲስ ነገር አይደለም። ትልልቆቹ የመንግሥት ባንኮች በ2005 እና በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ሆንግ ኮንግ ገበያ ሲገቡ የውጭ ሰዎችን ቦርዳቸው ላይ አስቀምጠዋል። የአሜሪካው ጎልድማን ሳክስ ባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆን ቶርንተን በአይ.ሲ.ቢ.ሲ. (የቻይና ኢንዱስትሪና ንግድ ባንክ) ቦርድ ላይ ነበሩ። የቀድሞዋ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ጄኒ ሺፕሊም በቻይና ኮንስትራክሽን ባንክ ቦርድ ላይ ለዓመታት ተቀምጠዋል። የሺፕሊን ስም ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አንቺን ለምን መረጡሽ? ይህን የምጠይቀው ላሳንስሽ አይደለም። የሆንግ ኮንግ ገበያ ደንብ አለው። ገበያው ላይ ያለ ኩባንያ ሁሉ ቢያንስ ሦስት ገለልተኛ፣ ማለትም ከኩባንያውም ከባለቤቶቹም ጋር የጥቅም ትስስር የሌላቸው፣ የቦርድ አባላት ሊኖሩት ይገባል፤ ቁጥራቸውም ከቦርዱ ሲሶ ማነስ የለበትም። ከእነሱ ቢያንስ አንዱ ሂሳብ የሚያውቅ መሆን አለበት። ወንዶች ብቻ የተቀመጡበት ቦርድ ደግሞ ከ2022 አጋማሽ ጀምሮ አዲስ ገቢ ሆኖ መምጣት አይችልም። አንቺ ሴት ነሽ። አካውንታንት ነሽ። ከባለቤቶቹ ጋር ዝምድና የለሽም። በአንድ ወንበር ሦስት ቀዳዳ ትደፍኛለሽ። አራተኛም አለ። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከልክላለች። ቻርጀር ለሚሸጥ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለዚህ በጣም የምታስፈልጊያቸው ሰው ነሽ። ይህን ልብ በይው፤ ከመፈረምሽ በፊት ጉልበቱ ያንቺ ነው። ከፈረምሽ በኋላ ግን የነሱ ይሆናል። ሌላም ነገር ልብ በይ። ሂሳብ የሚያውቀው ገለልተኛ አባል አብዛኛውን ጊዜ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ይሆናል። «ብዙ ሥራ የለውም» የሚባልለት ወንበር አይደለም ያ። ከቦርዱ ወንበሮች ሁሉ በጣም የሚያደክመው እሱ ነው።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ። አክሲዮን ለሕዝብ ሲሸጥ ፕሮስፔክተስ የሚባል መግለጫ ይወጣል። እዚያ ላይ የቦርዱ አባላት በጋራም በተናጠልም ለተጻፈው ሁሉ ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን ይላሉ። ውስጡ ያለው የሦስት ዓመት ሂሳብ ነው። አንቺ ያልነበርሽበት የሦስት ዓመት ሂሳብ! ያላየሽውን ደረሰኝ፣ ያልቆጠርሽውን መጋዘን «ልክ ነው» ብለሽ ለማታውቂያቸው ሰዎች እየመሰከርሽ ነው። ሰው ጡረታውን አምኖ ይገዛበታል።

ካንግሜይ ፋርማሲዩቲካል የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ነበር፤ ሻንጋይ ገበያ ላይ ያለ። በሂሳቡ ላይ ወደ 30 ቢሊዮን ዩዋን የሚጠጋ፣ የሌለ ጥሬ ገንዘብ በባንክ እንዳለው አድርጎ አሳየ። ነገሩ ሲጋለጥ ባለአክሲዮኖች ከሰሱ። የጓንግዡ መካከለኛ ፍርድ ቤት በኅዳር 2021 የ2.46 ቢሊዮን ዩዋን ካሳ ፈረደ። ፍርዱ ዋናዎቹ አጥፊዎች ላይ ብቻ አልቆመም። አምስት ገለልተኛ የቦርድ አባላትም ከካሳው ከ5 እስከ 10 በመቶ አብረው እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው። 10 በመቶው ብቻ 246 ሚሊዮን ዩዋን ገደማ ነው! ከመካከላቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። ገንዘቡን አልሰረቁም። የሰነዱን ቅጥፈትም አልሠሩም። ፈረሙ። በዚያ ሰሞን በመላ ቻይና ብዙ ገለልተኛ የቦርድ አባላት ተራ በተራ ሥራቸውን ለቀቁ። «መፈረም ብቻ» ምን ማለት እንደሆነ ያኔ ገባቸው።

በነገራችን ላይ የካንግሜይ ሂሳብ ለሠለጠነ ዓይን ምልክት ነበረው። ባንክ ውስጥ ተራራ የሚያህል ገንዘብ አለኝ ይላል፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ በወለድ ይበደራል። አንቺ አካውንታንት ነሽ። ቤትሽ ውስጥ ገንዘብ ሞልቶ ጎረቤት ወለድ እየከፈልሽ ትበደሪያለሽ? የምትጠየቂው ኩባንያ ሂሳብ ላይ መጀመሪያ የምታዪው ይህን ይሁን። ጥሬ ገንዘቡና ዕዳው አብረው ከፍ ካሉ ባንኩ ራሱ ለኦዲተሩ በቀጥታ የላከውን ማረጋገጫ ጠይቂ። በኩባንያው እጅ አልፎ የመጣ ወረቀት አይበቃም።

የራሴንም ልንገርሽ፤ ሳልነግርሽ ብመክርሽ ደስ አይለኝም። አዲስ አበባ አካባቢ አንድ የግንባታ ዕቃ አምራች ነበር፤ ባለቤቶቹ ቻይናውያን ናቸው። ስሙን አልጠራም። ቦርዱ ላይ አምስት ዓመት ተቀምጫለሁ። በሦስተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት ኢሜይል መጣ። «አስቸኳይ ነው፤ ዛሬ ተፈርሞ ይመለስ» ይላል። የተያያዘው አንድ ገጽ ነው። ከላይ ባዶ ነው፤ ከታች የአምስታችን ስም ተደርድሯል። የፊርማ ገጽ ብቻ። ዋናው ሰነድ የት አለ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። የልጄ ምረቃ ቀን ነበር፤ ቤት እንግዳ ሞልቷል። ፈርሜ፣ ስካን አድርጌ ላክሁ። ከስምንት ወር በኋላ ባንክ ደብዳቤ ጻፈልን። ለካ ኩባንያችን ለእህት ኩባንያ ብድር ዋስ ሆኗል። ያ ገጽ የዚያ ውሳኔ ገጽ ነበር። ዕዳው በኋላ ተከፍሎ ነገሩ ሳይከፋ አለፈ። እኔ ግን ያን ሰሞን ለሚስቴ ምን እንደፈረምኩ ማስረዳት አቃተኝ። ቅጂ እንኳን እጄ ላይ አልነበረም።

እኔን ለማታለል ብለው ያደረጉት አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም። ውሳኔው ዋናው መሥሪያ ቤት አልቆ ነበር። ለእነሱ የኛ ፊርማ የማጠናቀቂያ ወረቀት ነው። አንቺም የምትገቢበት ዓለም ይህ ስለሆነ በደንብ ልንገርሽ።

በብዙ የቻይና ኩባንያ ነገር የሚያልቀው ስብሰባው ላይ አይደለም። ስብሰባው ያለቀው ነገር የሚነበብበት ነው። ከዚያ በፊት ስልክ ተደውሏል፣ እራት ተበልቷል፣ ሊቀመንበሩ የሚፈልገው ታውቋል። ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። ሽማግሌዎች አደባባይ ከመውጣታቸው በፊት ጓዳ ውስጥ ተነጋግረው አይደል የሚመጡት? ችግሩ አንቺ ጓዳው ውስጥ አለመኖርሽ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽን ለስብሰባው ቀን አታቆዪ። ወረቀቱ በደረሰሽ በማግስቱ የፋይናንስ ኃላፊውን ደውለሽ ጠይቂ። የቦርድ ጸሐፊውን ደውለሽ ጠይቂ። ሊቀመንበሩ ፊት፣ ሰው መሃል «ይህ ቁጥር ስህተት ነው» ካልሽ ሰውየውን ታዋርጃለሽ፤ መልስም አታገኚም። በስልክ ቀድመሽ ካነሳሽው ግን ብዙ ጊዜ ነገሩ ተስተካክሎ ይመጣል። እኔ በሁለተኛው ዓመት ነው ይህ የገባኝ፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬ በጣም ቀለለኝ።

አንድ የምፈራልሽ ነገር አለ። እነሱ ዘንድ ሰውን ፊት አለመንሳት ትልቅ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ። የጋበዘሽ የድሮ ወዳጅሽ ነው። ሆቴሉ ጥሩ ነው፣ ግብዣው ሞቅ ያለ ነው፣ «እህታችን» ይሉሻል። እንዲህ ባለ ማዕድ ላይ ከባድ ጥያቄ ማንሳት ለሀበሻ እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን በቦርድ ላይ ዝምታ እንደ መስማማት ነው የሚቆጠረው። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ የቻይና ኩባንያ ሕግ በዚህ ግልጽ ነው። ሕግን ወይም የኩባንያውን መተዳደሪያ ጥሶ ኩባንያውን ክፉኛ ለጎዳ ውሳኔ የቦርድ አባላት ይጠየቃሉ። ነጻ ሊወጣ የሚችለው መቃወሙ በቃለ ጉባኤ ላይ የተጻፈለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸውም በጥር 2022 ባወጣው ትርጓሜ፣ ከሙያው ውጭ ለሆነው ነገር ከመፈረሙ በፊት ባለሙያ ያማከረ፣ ተቃውሞውን በጽሑፍ አቅርቦ የድጋፍ ድምፅ ያልሰጠ ገለልተኛ አባል መከላከያ እንዲኖረው አድርጓል። ስለዚህ ሳትስማሚ ስትቀሪ በአፍሽ ብቻ አትተዪው። «ቃለ ጉባኤው ላይ ይስፈርልኝ» በይ። በትህትና፣ በፈገግታ፣ ግን ይስፈር። በሚቀጥለው ስብሰባ መስፈሩን አንብበሽ አረጋግጪ። አንቺ ማንበብ ስለማትችዪ የቻይንኛውን ጽሑፍ ኩባንያው ያልቀጠረው ተርጓሚ ያንብብልሽ። ቻይና ውስጥ ክርክር ቢነሳ የሚታየው ቻይንኛው ነውና የእንግሊዝኛው ማጠቃለያ ላይ ብቻ አትደገፊ።

ስለ ፓርቲው መጠየቅሽ አይቀርም። የኩባንያ ሕጉ በኩባንያዎች ውስጥ የኮሚኒስት ፓርቲ አደረጃጀት እንዲኖር ይላል። በመንግሥት ኩባንያ ውስጥ ትልልቅ ጉዳዮች ወደ ቦርዱ ከመምጣታቸው በፊት የፓርቲ ኮሚቴው ያያቸዋል። በግል ኩባንያ ውስጥ ሚናው ብዙ ጊዜ የሳሳ ነው። ይህ ሊያስደነግጥሽ አይገባም። ከኛ አገር የመጣ ሰው ከቦርድ በላይ ሌላ ጓዳ እንዳለ ሲሰማ አይገርመውም። መጠየቅ ያለብሽ አንድ ነገር ነው፤ የትኞቹ ጉዳዮች ናቸው እዚያ ቀድመው የሚታዩት? በግልጽ የሚመልስልሽ ሰው ካገኘሽ ጥሩ ምልክት ነው።

ማኅተሙን አትርሺ። ቻይና ውስጥ ኩባንያን የሚያስረው ክቡ ቀይ ማኅተም ነው። ማኅተሙን የያዘ ሰው ኩባንያውን ይዟል። አርም የተባለው የእንግሊዝ የቺፕ ዲዛይን ኩባንያ ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል። በሰኔ 2020 የአርም ቻይና ቦርድ ዋና ሥራ አስኪያጁን አለን ዉን በ7 ለ1 ድምፅ አሰናበተ። ሰባት ለአንድ! ሰውየው ግን ማኅተሙ እጁ ላይ ነበር፤ አልወጣም አለ። ቢሮው ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። እሱን አስወጥቶ ነገሩን ለመቋጨት እስከ ሚያዝያ 2022 ድረስ ፈጀ። የቦርድ ድምፅ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከዚህ እዪው። ኩባንያሽን «ማኅተሙን የሚይዘው ማነው? ሲመታ የት ይመዘገባል?» ብለሽ ጠይቂ። የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ ከሆንሽ መዝገቡን በየዓመቱ ለማየት ጠይቂ።

ከማኅተሙ ጋር የሚሄድ «ሕጋዊ ወኪል» የሚባል ሹመት አለ። እያንዳንዱ ኩባንያ አንድ ሰው ይመዘግባል፤ በኩባንያው ስም የሚያስረው፣ ኩባንያው ሲያጠፋም መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ኩባንያው የፍርድ ዕዳ ካልከፈለ ይህ ሰው አውሮፕላን እንዳይሳፈር ሊደረግ ይችላል። በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የመውጫና የመግቢያ ሕግ ደግሞ ያልተቋጨ የፍትሐ ብሔር ክርክር ያለበትን የውጭ ሰው፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ፣ ከአገር እንዳይወጣ ያግዳል። የወንድምሽ ፍርሃት ሥር ካለው እዚህ ጋ ነው። ገለልተኛ አባል ሕጋዊ ወኪል ሁን አይባልም። ግን «ለአንዲት ትንሽ ቅርንጫፋችን ለጊዜው ስምሽን እናስገባ» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እኔም ጋ መጥቶ ነበር። መልሱ አይሆንም ነው። ለአንድ ሳምንትም አይሆንም።

አሁን ወደ ጄኒ ሺፕሊ ልመለስ። እሳቸውን ያስጨነቃቸው የቻይናው ባንክ አይደለም። ሜይንዚል የሚባል የኒውዚላንድ የግንባታ ድርጅት ነው፤ የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ። ድርጅቱ ቻይና ውስጥ ሥራ ባለው ሪቺና ፓሲፊክ በተባለ ቡድን ሥር ነበር። ገንዘቡ በብድር መልክ ወደ እህት ኩባንያዎች ወጣ። ቦርዱ «ሲቸግራችሁ እንደግፋችኋለን» የሚል የእናት ኩባንያ ቃል ይዞ ሥራውን ቀጠለ። በየካቲት 2013 ሜይንዚል ወደቀ፤ ዋስትና ለሌላቸው አበዳሪዎች ወደ 110 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ዕዳ ትቶ። ነገሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በነሐሴ 2023 ፍርድ ቤቱ ካሳውን 39.8 ሚሊዮን አደረገው፤ ሺፕሊና ሁለት ባልደረቦቻቸው እያንዳንዳቸው እስከ 6.6 ሚሊዮን ድረስ ተጠያቂ ሆኑ። አገር የመሩ ሴት ናቸው። ብልህ ሰው አይደሉም የሚል የለም። ያመኑት ሊያስገድዱበት የማይችሉትን የቃል ተስፋ ነው። «ሊቀመንበሩ ሀብታም ነው፣ ከጎደለ ይሞላዋል» የሚል ነገር ስትሰሚ የተፈረመ፣ ማኅተም ያለበት፣ ጠበቃ ያየው ወረቀት ጠይቂ። ከሌለ ቁጥርሽ ውስጥ አታስገቢው። ከኩባንያው ወደ ሊቀመንበሩ ሌሎች ድርጅቶች የሚወጣ ብድርና ዋስትና ካለ ደግሞ አንድም ሳይቀር ዝርዝሩን እዪ።

ያንቺ ነዋሪነት የሚያመጣውን ጉዳይ በአጭሩ ላንሳው። ዜግነትም ይሁን ግሪን ካርድ ያለሽ፣ በአሜሪካ ሕግ ዓይን የአሜሪካ ሰው ነሽ። በጥቅምት 7 ቀን 2022 የወጣው ደንብ የአሜሪካ ሰዎች ቻይና ውስጥ ለላቀ ቺፕ ሥራ ያለ ፈቃድ ድጋፍ እንዳይሰጡ ይከለክላል። ብዙ ቻርጀር አምራች በዚህ አይነካም። ቢሆንም የኩባንያውንና የእህት ኩባንያዎቹን ስም ይዘሽ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴርና መከላከያ ሚኒስቴር ያወጡትን የተከለከሉ ኩባንያዎች ዝርዝር የሚያይልሽ ጠበቃ አንድ ሰዓት ክፈዪው። አበሉ ሆንግ ኮንግ ባንክ ከገባና የውጭ ሂሳቦችሽ በጠቅላላው ከ10,000 ዶላር ካለፉ በየዓመቱ ታሳውቂያለሽ። ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ።

የኢትዮጵያው ነገር ግን ሰፋ አድርጌ ልነግርሽ የምፈልገው ነው። አንድ ቀን «አዲስ አበባ የምታውቂው ሰው የለም? ገበያውን ብትከፍቺልን ኮሚሽን አለው» ይሉሻል። ነገሩ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ አገርሽን የምትጠቅሚም ሊመስልሽ ይችላል። ኮሚሽኑን በተቀበልሽ ቀን ግን ገለልተኛነትሽ አበቃ። የሆንግ ኮንግ ደንብ ከኩባንያው ጋር የንግድ ጥቅም ያለውን ሰው ገለልተኛ ብሎ ለመቀበል ይቸገራል። በዚያ ላይ ደንበኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነና መሃል ላይ «የእጅ መንሻ» ከገባ፣ ከ1977 ጀምሮ ያለው የአሜሪካ የውጭ አገር ጉቦ ሕግ አንቺን ቤትሽ ድረስ ይመጣል። ወይ የቦርድ አባል ነሽ፣ ወይ ደላላ ነሽ። ሁለቱን መሆን አይቻልም። ለአዲስ አበባው ገበያ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? እምቢ በይ አልልሽም። ያንቺ ዓይነት ሰው እንደዚህ ያለ ቦርድ ላይ ቢቀመጥ እኔ በግሌ ደስ ይለኛል፤ እነሱንም ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡትንም ትጠቅሚያለሽ። ግን አሁኑኑ እሺም አትበይ። ለወዳጅሽ ሞቅ ያለ ደብዳቤ ጻፊ። ስለ እምነቱ አመስግኚው። ከዚያ የሦስቱን ዓመት ሂሳብ ከኦዲተሩ አስተያየት ጋር በእንግሊዝኛ ጠይቂ። ሥራ አስኪያጆቹ በሌሉበት ከኦዲተሩ ጋር አንድ ሰዓት ማውራት እንደምትፈልጊ ንገሪው። ኩባንያው የተመዘገበው ቻይና ነው ወይስ ብዙዎች በወረቀት የሚመዘገቡባቸው ኬይማን ደሴቶች? የትኛው ሕግ እንደሚዳኝሽ የሚወስነው እሱ ነው። የቦርድ ወረቀት ስንት ቀን ቀድሞ ይደርስሻል? የሆንግ ኮንግ መመሪያ ቢያንስ ሦስት ቀን ይላል፤ ለሚያስተረጉም ሰው ሦስት ቀን አይበቃም፤ አሥር ጠይቂ። ሲያስፈልግሽ በኩባንያው ወጪ የራስሽን ጠበቃ መቅጠር እንደምትችዪ በሹመት ደብዳቤሽ ላይ ይጻፍ። የቦርድ አባላት የኃላፊነት መድን አለ ወይ? አዲሱ ሕግ ኩባንያዎች እንዲገዙ ያበረታታል። «አለ» የሚል መልስ አይበቃሽም፤ ውሉን አንብቢ። ከወጣሽ በኋላ ለሚመጣ ክስም መሸፈኑን እዪ፤ ክስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሰው ከለቀቀ በኋላ ነው።

ጉዞውንም ጨምሪበት። «አብዛኛው በቪዲዮ» የሚለው አልጣመኝም። የሻንጋይና የሼንዘን ገበያዎች ከ2023 ጀምሮ ገለልተኛ አባል በዓመት ቢያንስ 15 ቀን ኩባንያው ቦታ ላይ ተገኝቶ እንዲሠራ ያስገድዳሉ። ኩባንያው ሆንግ ኮንግ ገበያ ብቻ ከገባ ይህ ግዴታሽ ላይሆን ይችላል። ግን እሱን መለኪያ አድርጊው። ፋብሪካው ወለል ላይ ቁሚ። መጋዘኑን አስከፍቺ። ያንቺ የሰባት ዓመት ቻይንኛ እዚያ ነው የሚጠቅመው፤ ከስብሰባ አዳራሹ ይልቅ ከመጋዘን ጠባቂው ጋር ሻይ ስትጠጪ። ለአዲስ የቦርድ አባላት ገበያው ያዘዘው ሥልጠናም አለ፤ በ18 ወር ውስጥ 24 ሰዓት። በአበሉ ላይ ሰዓትሽን ስታሰዪ ይህን ሁሉ አስገቢ። ከዚያ በኋላም ጥሩ ገንዘብ መሆኑን ባለቤትሽ ራሱ ያስላው።

ለወዳጅሽ ለምትጽፊው ደብዳቤ የሚሰጥሽን መልስ በጥሞና አንብቢ። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከፋይናንስ ኃላፊያችን ጋር ላገናኝሽ» ካለሽ ዓይንሽን ፈልገውታል። «ለምን ታወሳስቢዋለሽ፤ ሌሎቹ እንዲህ አልጠየቁም» ካለሽ ወይም ወዳጅነታችሁን ካነሳብሽ የፈለጉት ስምሽን ነው። ያኔ ሳትጣዪ፣ ሳትወቅሺ፣ ሥራ በዝቶብኛል ብለሽ ተመለሺ። ወዳጅነቱም አይበላሽም፤ ሌላ ሰው ያገኛሉ።

ከገባሽ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንድ ማህደር ክፈቺ። የተላከልሽን የቦርድ ወረቀት፣ የጠየቅሽውን ኢሜይል፣ የተመለሰልሽን፣ የተፈረመውን ቃለ ጉባኤ በሙሉ ገጹ አስቀምጪበት። በኩባንያው ሰርቨር ላይ ብቻ አይቅር፤ በለቀቅሽ ማግስት የይለፍ ቃልሽ ይዘጋል። ምን ይዘሽ መውጣት እንደምትችዪ የቻይና የመረጃ ደህንነት ሕግ ገደብ ስላለው በሹመት ደብዳቤሽ ላይ ቀድመሽ አስጽፊው። በቻይና ሕግ መልቀቅ ስትፈልጊም በጽሑፍ ነው፤ ኩባንያው ደብዳቤውን ከተቀበለበት ቀን ይጸናል። ቦርዱ ከሚፈለገው ቁጥር በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ተተኪ እስኪመጣ ኃላፊነቱ ካንቺ አይወርድም። ስለዚህ ቤቱ ሲቃጠል ለመውጣት አትጠብቂ።

እኔ ያን ቀን የፊርማ ገጹን ቅጂ በስልኬ እንኳን ሳልይዝ ቀረሁ። አንቺ ጋ እንዲህ ያለ ባዶ ገጽ ሲመጣ፣ መምጣቱም አይቀርም፣ «ሙሉውን ሰነድ ላኩልኝ፤ ነገ ጠዋት አንብቤ እመልሳለሁ» ብለሽ መልሺ። ነገ ጠዋት ድረስ መቆየት የማይችል ነገር እስካሁን አላየሁም።

ደብዳቤውን ስትልኪ፣ መልሱ በስንት ቀን እንደመጣና ምን እንዳለ ጻፊልኝ። ለወንድምሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።